ከቅሬው መዝገብ እስከ ሐኪሙ መዝገብ

በደቡብ ወሎ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ከተቆረቆረችው ከደሴ አንሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ በቦርከና ሜዳ ላይ እስከ ተዘረጋችው እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ ሕዝቡ በኀዘኑ ጊዜ የሚተዳደርበት ቅሬ የሚባል ነባር ማኅበር አለው። ቅሬ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድ መዝገብ የሚያሰፍር፣ ባለጸጋውንና ድኻውን በአንድ ዓይነት መዋጮ የሚያስተካክል፣ ጥሩንባው በተነፋ ጊዜ ነጋዴው ሱቁን፣ አናጢው መጋዙን ትቶ ወደ ለቅሶ ቤት እንዲወጣ የሚያስገድድ የጎረቤታሞች ሕግ ነው። ጸሐፊው ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተሩን ዘርግቶ ስም በስም ይጠራል፤ ለመጣው ምልክት ያደርጋል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረውን በመቀጫ ያስከፍላል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በቁጥር ወጥቶ በቁጥር ይመለሳል። በዚህም ሥርዓት ምክንያት በወሎ ምድር ቀባሪ ያጣ ሬሳ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለሙታን ይህን ያህል የተደራጀ ሕዝብ፣ አንድ ሕፃን በጽኑ ደዌ ተይዞ በሕይወት ሳለ የሚሰበስብለት ገንዘብ ግን ሥርዓት የለሽና የዘገየ ሆኖ ይታያል። በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ አደባባይ ይህን ያላየ ሰው አይገኝም፦ ሚኒባስ በቀስታ ይነዳል፤ በጎኑና በግንባሩ የታማሚው ልጅ ፎቶግራፍ ያለበት ባነር ተወጥሯል፤ በጣሪያው ላይ የታሰረው ሞንታርቦ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ አላህ እያለ ይማጸናል፤ ወጣቶች ካርቶን ይዘው በመኪናውና በእግረኛው መካከል ይሮጣሉ። ሰጪው አይታጣም፤ ሊስትሮው እንኳ የዕለት ገቢውን ቆርሶ ይጥላል። ነገር ግን ይህ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው ሕመሙ ከበረታ፣ ሐኪሞችም ወደ ውጭ አገር ይሂድ ካሉ በኋላ ነው፤ ልጁ በዳነም ሆነ ባረፈ ጊዜ የመዋጮው ታሪክ በዚያው ይዘጋል፤ ከእርሱ በኋላ በዚያው በሽታ ለሚያዘው ልጅ አንዲት ዕውቀት እንኳ አይተርፍም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሊያስረዳ የሚወደው ነገር ይኸው ነው፤ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ምጽዋት ከዘለዓለማዊ ዋጋው ምንም ሳይጎድልበት፣ ለሚመጣው ልጅ የሚተርፍ ዕውቀትም እንዲወልድ ማድረግ ይቻላልና።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ይገባል። ልጆችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች መካከል ከደም ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር የሚነሣው ነው። አንጎል በጽኑ የራስ ቅል ውስጥ የተዘጋ ብልት ስለሆነ፣ በውስጡ የሚያድግ ዕጢ የሚስፋፋበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ወይ ራሱን አንጎሉን ይጫነዋል፣ ወይም በአንጎል ውስጥ ዘወትር የሚመላለሰውን ፈሳሽ መውረጃ ይዘጋዋል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሣ ራሱን ያመዋል፤ በተለይም በማለዳ ያስመልሰዋል፤ ሲራመድ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ይንሸዋረራል ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ በትምህርቱ ጎበዝ የነበረው ይደክማል፤ የጨቅላ ሕፃን ራስ ደግሞ ከመጠን በላይ ይተልቃል። ከነዚህ ምልክቶች እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የወስፋት፣ የምች ወይም የጉንፋን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ተደራርበው ሲመላለሱና ሳምንታት ሲያስቆጥሩ ግን ሐኪም ሳያያቸው ሊታለፉ አይገባም። ወላጆችም ይህን አጥብቀው ሊያውቁ ይገባል፤ በዘር የሚወረሰው ጥቂቱ እጅ ሲቀር፣ የዚህ በሽታ መነሻ ከወላጅ ኃጢአትም ሆነ ልጁ ከበላው ነገር ጋር የሚገናኝ አይደለም።

የዚህ ደዌ ዓይነቱ ብዙ፣ ጠባዩም ልዩ ልዩ ነው። በዝግታ የሚያድገው ፒሎሳይቲክ አስትሮሳይቶማ የሚባለው ዕጢ ባለሙያ ቀዶ ሐኪም በጊዜ ካገኘውና ጨርሶ ካወጣው፣ ከ10 ልጆች 9ኙ በሕይወት ይኖራሉ። ሚዛንን በሚጠብቀው በኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣው ሜዱሎብላስቶማ ግን ፈጣንና አደገኛ ነው፤ ቀዶ ሕክምና፣ ለመላው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሰጥ የጨረር ሕክምና፣ ከዚያም ኬሞ የሚባለው የመድኃኒት ሕክምና ያስፈልገዋል። ከሁሉም የከፋው ትንፋሽንና የልብ ምትን በሚያዝዘው በአንጎል ግንድ ውስጥ እንደ ሥር ተሰራጭቶ የሚያድገው ዲአይፒጂ የሚባለው ሲሆን፣ ይህን በቢላዋ ማውጣት አይቻልም፤ የተያዙት ልጆች አብዛኛዎቹ ዓመት ከመንፈቅ አይሞሉም። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ሰው፣ የኒል አርምስትሮንግ ሴት ልጅ ካረን፣ ገና 3 ዓመት ሳይሞላት እ.ኤ.አ. በ1962 ያረፈችው በዚሁ በሽታ ነበር፤ ሰውን ጨረቃ ላይ ያወጣው ጥበብ በአንዲት ሕፃን የአንጎል ግንድ ፊት አቅም አጣ።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ወጣቶች በካንሰር እንደሚያዙ የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። በባለጸጋ አገሮች ከ10 ልጆች ከ8 የሚበልጡት ይድናሉ፤ በድኻ አገሮች ግን 3 እንኳ አይሞሉም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጀው የሕፃናት ካንሰር ዓለም አቀፍ ውጥን፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ቢያንስ ከ10 ልጆች 6ቱ እንዲድኑ ግብ ሲያስቀምጥ፣ በልዩ ትኩረት እንዲታዩ ከመረጣቸው 6 የካንሰር ዓይነቶች መካከል በዝግታ የሚያድገውን የአንጎል ዕጢ ጨምሮታል። የደሴ ልጅና የለንደን ልጅ በአፈጣጠር አንድ ሲሆኑ በፈውስ ይህን ያህል የተራራቁበት ምክንያት፣ የሐኪም፣ የመሣሪያና የመድኃኒት እጥረት ብቻ አይደለም፤ በባለጸጋው አገር ያለው ፈውስ ራሱ ለብዙ አሠርት ዓመታት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የተገዛ ዕውቀት ስለሆነ ነው።

የዚያን ዕውቀት ታሪክ ማየት ለእኛም ይጠቅማል። ሜዱሎብላስቶማን ለይተው ስም የሰጡት ሃርቪ ኩሺንግና ፐርሲቫል ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1925 ነበሩ፤ በዚያን ዘመን በሽታው የሞት ፍርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የማንቸስተር ሐኪሞች ጨረሩ ለዕጢው ቦታ ብቻ ሳይሆን ለመላው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሲሰጥ ብዙ ልጆች በሕይወት እንደሚቆዩ አሳዩ። ይህንንም ሊያውቁ የቻሉት ያከሟቸውን ልጆች በመዝገብ አስፍረው ለዓመታት ስለ ተከታተሏቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በቦስተን ሲድኒ ፋርበር የተባለው ሐኪም በደም ካንሰር የተያዙ ሕፃናት በመድኃኒት ለጊዜው ሊያገግሙ እንደሚችሉ ባሳየበት ዓመት፣ አንድ የካንሰር ታማሚ ልጅ በራዲዮ ቀርቦ ከሚወዳቸው የቤዝቦል ተጫዋቾች ጋር ተነጋገረ፤ አድማጩም ከ200,000 ዶላር በላይ ላከ። ያ ልጅ ማንነቱ እንዲጠበቅ ሲባል «ጂሚ» በሚል ስም ብቻ ነበር የተጠራው፤ እውነተኛ ስሙ የታወቀው ድኖ፣ ጎልምሶ፣ 50 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህም ይልቅ ለእኛ አገር ሰው ልብ የሚቀርበው የዳኒ ቶማስ ስእለት ነው። የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የሆነው ይህ አሜሪካዊ ተዋናይ፣ በወጣትነቱ ሥራ ባጣበት ወራት መንገዱን እንዲያሳየው ለቅዱስ ይሁዳ ታዴዎስ ተሳለ፤ ሲሳካለትም ስእለቱን አልረሳም፤ እንደ እርሱ ከአረብ አገሮች የመጡ ስደተኞችን አስተባብሮ ገንዘብ ሰበሰበና እ.ኤ.አ. በ1962 በሜምፊስ ከተማ የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታልን አስከፈተ። ሆስፒታሉ በተከፈተበት ጊዜ በአሜሪካ በካንሰር ከሚያዙ 5 ልጆች የሚድነው አንዱ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ4 በላይ ናቸው። ወላጅ ለሕክምናው ሳንቲም አይከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው ጥቂት በጥቂት የሚያዋጣው ተራ ሕዝብ ነው። በአንጎል ግንድ ላይ ለሚነሣው ዕጢ ምክንያት ከሆኑት የዘር ለውጦች ዋናው እ.ኤ.አ. በ2012 የተገለጠውም፣ በዚህ ሆስፒታልና በካናዳ ተመራማሪዎች እጅ፣ ልጆቻቸው ያረፉባቸው ወላጆች በኀዘናቸው መካከል ለምርምር በፈቀዱት ናሙና ጭምር ነው። ከዚያ 13 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025፣ ይህ ለውጥ ላለበት ዕጢ የሚሰጥ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። መድኃኒቱ በሽታውን ጨርሶ አያጠፋም፤ ሆኖም ለ60 ዓመት ያህል ዝግ ሆኖ የኖረው በር ተከፍቷል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የወላጅ ኀዘን ወደ በጎ አድራጎት የተለወጠበት ታላቅ ምሳሌ አለን። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ባጡ ጊዜ፣ በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን በ1996 ዓ.ም. መሠረቱ። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ሲያዘጋጅ፣ መድኃኒት ሲረዳ፣ ሕዝቡንም ሲያስተምር ኖሯል፤ በ2011 ዓ.ም. ለጸደቀው የትምባሆ ቁጥጥር ሕግም ከተሟገቱት አንዱ ነው። ከእርሱ በኋላ የታማሚ ሕፃናት ወላጆች የተሰባሰቡበት ተስፋ አዲስ ተመሥርቶ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከሙ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው መጠለያና ምግብ እያቀረበ ነው። በልብ ሕክምና በኩልም ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር፣ ከ20 ዓመት ጥረት በኋላ በአዲስ አበባ የልብ ማእከል አስከፍቶ፣ ልጆችን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ከመላክ ይልቅ ጥበቡን ወደ አገር ማምጣት እንደሚቻል አስመስክሯል።

የካንሰር ሕክምናው በራሱ ገና ረጅም መንገድ ይቀረዋል። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት መላ አገሪቱ ያላት የጨረር ማእከል ያ ብቻ ነበር። ለሕፃናት ካንሰር የተለየ ሕክምና ከአዲስ አበባ ውጭ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ተስፋፍቷል። የደቡብ ወሎ ወላጅ ግን በአንጎል ዕጢ የተጠረጠረ ልጁን ይዞ፣ ሪፈር ወረቀቱን በኪሱ አድርጎ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት፤ የጸጥታ ነገር መንገዱን ሲያውከው ደግሞ ቀኑ ይረዝማል። በአዲስ አበባም የአልጋና የቀዶ ሕክምና ተራ፣ የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪ ይጠብቁታል፤ ጨረሩ ብቻ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። አንዳንዱ ወላጅ ከዚህ የተነሣ በሬውን ሸጦ የጀመረውን ሕክምና በመካከል አቋርጦ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሕሊና ያለው አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። የሚበላው ያጣ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ብዙ ሰው በደጃችን ሳለ፣ ለአንጎል ካንሰር ምርምር ገንዘብ ስጡ ማለት የጥጋብ ነገር አይሆንምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወሎም የምጽዋትን ጥቅምና ወሰን ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1966ቱ ረኀብ የወሎ ሰው ሥቃይ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም የወጣው ምስል ላይቭ ኤይድ እስከ ተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ድረስ ዓለምን ሲያነሣሣ፣ ስለ ወሎ የተሰበሰበው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው በነበረበት ጊዜም የደሴ ሆስፒታል መሣሪያና መድኃኒት ተዘርፎ ሲወድም፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም የተዋጣ እርዳታ እንደ ገና አቆመው። የእለት ጉርስ መቅደም አለበት፤ ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ስጦታ የሚያስተምረን፣ እርዳታ ከአደጋው በኋላ ብቻ ሲመጣ ሁልጊዜ የዘገየ መሆኑን ነው። ረኀብን አስቀድሞ የሚያስታውቅ ሥርዓት ከእልቂት እንደሚያድን ሁሉ፣ በሽታንም አስቀድሞ የሚያስታውቅ ዕውቀት ሕይወት ያድናል፤ ይህም ዕውቀት ምርምር ይባላል።

ምርምር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ካባ የለበሱ ሊቃውንት የሚመላለሱበት ውድ ቤተ ሙከራ ነው። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሕፃናትን ከጠቀሙት ምርምሮች አንዱ ግን የጠየቀው ጥያቄ እጅግ ቀላል ነበር፦ እናት የመጀመሪያውን ምልክት ካየችበት ቀን አንሥቶ በሽታው እስከሚታወቅ ድረስ ስንት ሳምንት ያልፋል? በብሪታንያ ይህ ጊዜ 14 ሳምንት ያህል ሆኖ ተገኘ። ልጃቸውን ሳማንታን በአንጎል ዕጢ ያጡት የዲክሰን ባልና ሚስት ያቋቋሙት በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ሰጥቶ፣ ተመራማሪዎች ምልክቶቹን በዕድሜ ከፋፍለው በኪስ በምትያዝ ካርድ ላይ አተሙና ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለሐኪሞች አዳረሱ፤ በ2 ዓመት ውስጥ ጊዜው ወደ 7 ሳምንት ገደማ ወረደ። ይህን ለማድረግ አዲስ መድኃኒት አልተፈለገም፤ የተፈለገው መዝገብ፣ ጥያቄ፣ ካርድና ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ ለደሴ የሚሳነው አይደለም። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ አሉ፤ በኮምቦልቻ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ወጣት መምህራንና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይፈልጋሉ። በአዲስ አበባ የከተማዋን ነዋሪዎች የካንሰር ሁኔታ የሚመዘግብ መዝገብ በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በደቡብ ወሎም የሕፃናት የአንጎል ዕጢ መዝገብ ቢከፈት፣ እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ የታመመበት ቀን፣ ጠበል ወይም ዱአ የተወሰደበት ጊዜ፣ ጤና ጣቢያ የደረሰበት፣ ሲቲ ስካን የተነሣበት፣ ቀዶ የተደረገበት፣ ሕክምናውን የፈጸመበት ወይም ያቋረጠበት ምክንያት ተጽፎ ቢቀመጥ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልጆቻችን ከመንገዱ በየትኛው ቦታ እንደሚቀሩ እናውቃለን። ወላጅ ልጁን ወደ ጠበል መውሰዱ የሚነቀፍ አይደለም፤ እምነትና ሕክምና ተጻራሪ እንዳልሆኑ ካህኑና ሼኹ ራሳቸው ቢያስተምሩ፣ ምልክቶቹንም አውቀው ልጁ በዚያው ሳምንት ሐኪም እንዲያየው ቢመክሩ፣ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉ።

የገንዘቡ ምንጭም በእጃችን ነው። የቅሬዎች ኅብረት ከየአባሉ መዋጮ ላይ በወር ጥቂት ብር ለሕያዋን ሕፃናት እንዲለይ ቢወስን፣ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም ሠራተኞች ከደመወዛቸው በፈቃዳቸው ጥቂት ቢያስቆርጡ፣ በውጭ አገር ያለው የወሎ ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያስብ፣ የሚገኘው ገንዘብ በሞንታርቦ ከሚለመነው የበለጠ ጽኑ ይሆናል። ለሙስሊሙ፣ ሰጪው ካለፈ በኋላ እንኳ ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ ጃሪያ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰውን የሚጠቅም ዕውቀትም ከማይቋረጡት ሥራዎች አንዱ ነው። ለክርስቲያኑም ዓሥራቱንና ዝክሩን ለሕፃናት ፈውስ ማዋል ከአባቶቹ ትምህርት የራቀ አይደለም።

ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ግን የቅሬውን ጸሐፊ ጠባይ መያዝ አለበት፦ የገባውንና የወጣውን በስምና በቁጥር ጽፎ በአደባባይ ማንበብ፣ ሒሳቡን ለመርማሪ ማቅረብ፣ ለሕክምና የተሰጠውን ለሕክምና፣ ለምርምር የተሰጠውንም ለምርምር ብቻ ማዋል። የሕፃኑም ክብር ይጠበቅ፤ በቀዶ ጥገና የተላጨ ራሱና ያበጠ ፊቱ በየባነሩ ሳይለጠፍ ርኅራኄን ማንቃት እንደሚቻል የቦስተኑ «ጂሚ» ታሪክ ምስክር ነው። ያለ ወላጅ ፈቃድ ስሙ አይነሣ፣ ናሙናው አይወሰድ፣ ወደ ምርምርም አይግባ፤ ምርምሩ ሲያልቅም ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ገንዘቡን ላዋጣው ሕዝብ ይነገር።

ይህ ሥራ ነገ የሁሉን ልጅ ሕይወት ያድናል ብሎ የሚናገር ሰው ሕዝብን ያታልላል። ዲአይፒጂ የያዘው ልጅ ዛሬ በሜምፊስም ቢታከም ተስፋው ጠባብ ነው። ይሁን እንጂ በዝግታ በሚያድገው ዕጢ የተያዘው፣ በጊዜ ቢደረስለት ተምሮና ወልዶ የሚኖረው ልጅ፣ ምልክቱን የሚያውቅለት ሰው በማጣት ብቻ ዓይኑ ሊጠፋ ወይም ሊሞት አይገባውም፤ ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ዕውቀት ዋጋው በአንድ ቅሬ አቅም የሚገመት ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ቅሬዎች በሚቀጥለው ጉባኤያቸው ይህን በአጀንዳ ይያዙት፤ የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞችም መዝገቡን ለመክፈት ሕዝቡ እስኪጠይቃቸው አይጠብቁ። ለሙታን ክብር ስንል ባበጀነው ሥርዓት የሕፃናትን ሕይወት ማትረፍ እንችላለን።